ከሌላ ኮከብ ለመጣው ክፉ ያለበስነው ልብስ

ልጅ እያለሁ ክፉ ሰው የሚታወቀው በዓይኑ ብዛት ነው ብዬ አምን ነበር። ሁለት ዓይን ያለው ደግ፣ አንድ ዓይን ያለው ክፉ። አንድ ዓይናቸውን በበሽታ ያጡትን ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ሰፈራችን ውስጥ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሴትዮ ነበሩ፣ ባዩኝ ቁጥር ቆሎ በእፍኜ ይሞሉልኝ ነበር። እኔ የምለው ስለ ሥዕል ነው። ይህን እምነት ከየት እንዳመጣሁት ለእኔ ዘመን የጎንደር ልጅ መንገር አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ስንቆም ከቅዳሴው ይልቅ ግድግዳውን ነበር የምናየው።

ግድግዳው ላይ ጻድቃንና መላእክት ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ እኛ አዙረው፣ ያንን ትልልቅ ዓይናቸውን ከፍተው ያዩናል። ሰይጣን፣ ይሁዳና ጌታን የገረፉት ወታደሮች ግን በጎን ነው የተሣሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ምክንያቱን የነገረኝ አያ መርሻ ነው። አያ መርሻ ቁስቋም ሰፈር ውስጥ ከቤታችን ጀርባ የሚኖር ሠዓሊ ነበር፤ ሙያውን ከአባቱ ወረሰ፣ አባቱም ከአባቱ። «ክፉን ሰው ሁለት ዓይኑን ከሰጠሽው፣ ሰዉ ዓይን ለዓይን ይተያይና ይራራለታል። ስለዚህ አንዱን ትነፍጊዋለሽ» ይለኝ ነበር። እኔም አመንኩት፤ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይልቅ እሱን ነበር የማምነው።

ያን ጊዜ አያ መርሻ የቤተ ክርስቲያን ሥራ አጥቶ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ግድግዳ የሚያሥል ደብር ጠፍቷል፣ ቀበሌ ደግሞ መፈክር የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ቅዱስ ጊዮርጊስን በሣለበት ብሩሽ ማጭድና መዶሻ ይሥል ጀመር። የሚሠራው ቆርቆሮ በለበሰች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ገና ከበሩ የሙጫ፣ የተልባ ዘይትና የጋዝ ሽታ ይቀበላችኋል። እስከ ዛሬ ቀለም መሸጫ ስገባ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። በረንዳው ላይ ደግሞ ልብስ ሰፊው አያ ይግዛው የስፌት ማኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል። ሁለቱ በልጅነታቸው አብረው ዳዊት የደገሙ ጓደኛሞች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ፤ አንዱ ያለ አንዱ ግን ምሳ አይቀርብም። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ቤት ወርውሬ በቀጥታ ወደ እነሱ ነበር የምሮጠው።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው እሑድ አባቴ ጣሊያን ወደ ሠራው ሲኒማ ቤት ወሰደኝ። አባቴ ሆስፒታል ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበር፤ ተረኛ ካልሆነ ፊልም አያመልጠውም። የዚያን ቀን የታየው ከሌላ ኮከብ ስለመጡ ሰዎች ነበር። ቋንቋው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አዳራሹ ውስጥም የሚያውቅ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ሰዉ ታሪኩን የሚረዳው ከልብሱና ከፊቱ ነበር። መጀመሪያ ከመሬት በታች የሚኖሩ፣ ጥላሸት የጠገቡ፣ ቡትቶ የለበሱ ሰዎች ታዩ። ሽፍቶች ናቸው አልን። ቀጥሎ ሰማዩ ተከፈተና ከራስ ጠጕሩ እስከ እግሩ ነጭ የለበሰ፣ ቀሚሱ መሬት የሚጠርግ መለሎ ወረደ። ፊቱ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። አፍ የለው፣ አፍንጫ የለው፤ መካከሉ ላይ አንዲት ክብ መስታወት ብቻ ታበራለች።

እልልታውና ጭብጨባው አዳራሹን አቀለጠው። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት ብድግ ብለው «እሰይ! ደረሱባቸው!» አሉ። ይፈረድባቸዋል እንዴ? ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ቀሐ ወንዝ ላይ ነጭ በነጭ ለብሰን ታቦት ሸኝተናል። ነጭ ለብሶ ከሰማይ የሚወርድ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እኔ ግን የአባቴን ኮት ጎትቼ፣ «አባዬ፣ ይሄ ክፉ ነው፤ አንድ ዓይን ነው ያለው» አልኩት። ዝም በይ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ነጭ ለባሹ እጁን ዘርግቶ ያንን ሁሉ ምስኪን ከነመንደሩ አቃጠለው። ከፊት ወንበር አንድ ሰውዬ፣ «ወይ ጉድ! እኛ እኮ አጨበጨብንለት» ሲል ሰዉ ሁሉ በኀፍረት ሳቀ።

ዛሬ ሥዕል አስተማሪ ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ያንን ነጭ ለባሽ ሳልነግራቸው የሚያልፍ ዓመት የለም። የእንዲህ ያለ ፊልም ክፉዎች ልብስ ዝም ብሎ አይሰፋም። ዓይናቸውን የሚሸፍኑት፣ አፋቸውን የሚደፍኑት በምክንያት ነው፤ ሰው ፊቱን ልታነብበት የማትችለውን ፍጡር ይፈራል። ነጩም ቢሆን በሠሪዎቹ አገር የበረዶ፣ የባዶ ክፍል፣ የማይራራ ንጽሕና ቀለም ይሆናል። እኛ ጋ ሲደርስ የበዓል ልብስ ሆነ። በዓይኑ ጉዳይ ግን ጎንደርን በስም እንኳ የማያውቁት ሰዎች ከአያ መርሻ አባት ጋር ተስማምተው ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስለ ፊልሙ ስናወራ ጋሽ አስናቀ ሰማን። ጋሽ አስናቀ የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪያችንና የትምህርት ቤቱ ኪነት ቡድን ኃላፊ ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ወጣት፣ ሳቂታ፤ አለንጋ የማይዝ ብቸኛው አስተማሪ እሱ ነበር። ስታናግሪው ሥራውን አቁሞ፣ ዝቅ ብሎ፣ ፊትሽን አይቶ ያዳምጥሻል። በዚያ ዘመን ልጅን እንዲህ የሚያዳምጥ ትልቅ ሰው ብርቅ ነው። የነጭ ለባሹን ክፉነት በምን እንዳወቅሁ ሲጠይቀኝ የአንድ ዓይኑን ነገር ነገርኩት። በጣም ደነቀውና በክፍሉ ፊት አስጨበጨበልኝ። ቀጥሎም ለላብ አደሮች ቀን የምናቀርበውን ቴአትር ለወጠው። ኢምፔሪያሊዝም ከሌላ ኮከብ በሮኬት መጥቶ የጎንደርን ገበሬ ሲወር የሚያሳይ ሆነ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከዚያ የበለጠ ቁም ነገር አልነበረም። የክፉውን ልብስና ጭንብል እንድነድፍ ያዘዘው እኔን ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ትልቅ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

እየሮጥኩ ወደ አያ መርሻ ሄድኩ። አያ ይግዛውም ማኪናውን አቁሞ ገባና ሦስታችን ሸንጎ ተቀመጥን። ጭንብሉ አላስቸገረም፤ አያ መርሻ አንድ ትልቅ ቅል ለሁለት ሰንጥቆ፣ ውስጡን ፍቆ፣ መካከሉን በሳና የመኪና የኋላ መብራት ስባሪ ከተተበት። ያስቸገረን የልብሱ ቀለም ነው።

እኔ ነጭ ይሁን አልኩ፣ እንደ ፊልሙ። አያ ይግዛው በመርፌ የተወጋ ያህል ዘለለ፤ «ምነው ልጄ! ነጭ ለብሶ ቢወጣ የእኛ ሰው ሌላ ምን ይላል፣ እልል ነው እንጂ!» ጥቁር አልን፤ ጥቁር የካህን ካባና የሐዘን ልብስ ነው። ቀይ አልን፤ አያ መርሻ አፉን በእጁ ያዘ፣ ቀይ የአብዮቱ ነው። ቢጫ የመነኮሳት፣ ሰማያዊ የላብ አደሩ ቱታ፣ ካኪ የካድሬው። ቀለም ሁሉ ባለቤት ነበረው። በመጨረሻ አያ መርሻ ለልብሱ የተገዛውን አቡጀዲ አመድና ከሰል በተበጠበጠበት ውኃ ነክሮ አወጣው። እንዲያ ያለ ቀለም የማንም አልነበረም። አያ ይግዛው ጨርቁን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ሸጋ! ይህንንስ ጠላትም አይለብሰው» አለ።

በዚያው ሰሞን ክፍሉ ውስጥ አንድ ግድግዳ የሚያክል ሸራ ቆሞ ነበር። ለላብ አደሮች ቀን ቀበሌ ያዘዘው ነው፤ የእኔ ዘመን ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሦስቱ ጢማሞች የኮሚኒዝም አባቶች፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድረው፣ ወደ አንድ ወገን የሚያዩት። በየአደባባዩ፣ በየደብተሩ ጀርባ፣ በየቢሮው አይቻቸዋለሁ። ያን ቀን ግን አያ መርሻ ዓይናቸውን ሲሥል ከጀርባው ቆሜ ነበርና ቆጠርኩ። «አያ መርሻ፣ እነዚህም እኮ አንድ አንድ ዓይን ነው ያላቸው» አልኩ።

አያ መርሻ ብሩሹን እንደያዘ ቆመ። ሸራውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። ዕንባው ጢሙን አራሰው። «እኔ ምን አደረግሁ? ሥዕሉ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ! እኔ አልፈረድኩም፣ ራሳቸው በራሳቸው ፈረዱ!» አለ። አያ ይግዛው ከበረንዳው ዘሎ ገብቶ በሩን ዘጋና፣ «ዝም በል አንተ ሰውዬ! ልታስፈጀን ነው?» ብሎ ተቆጣው። ያኔ አያ መርሻም ነገሩ ገባው። አጠገቡ አስቀመጠኝና ይህን ለማንም፣ ለእናቴም ቢሆን እንዳልናገር አስማለኝ። «ማርያምን» ብዬ ማልኩ። የምሬን ነበር።

ልብሱ ሲያልቅ አያ ይግዛው ለሚለብሰው ልጅ ሊለካለት ትምህርት ቤት መጣ። በኪነት ክፍሉ አንድ ጥግ ተንበርክኮ፣ አፉን በእስፒል ሞልቶ፣ የስምንተኛ ክፍሉን ረጅም ልጅ ጫፍ ያጥፍለታል። እኔ ከጋሽ አስናቀ ጋር ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜያለሁ። ጋሽ አስናቀ ንድፌን እያመሰገነ ከመጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥዕል አወጣ፤ ሦስቱ ጢማሞች። ከመድረኩ ጀርባ በትልቁ ይሣላሉ፣ ክፉው ሲሸነፍ መጋረጃው ተከፍቶ እነሱ ይታያሉ አለኝ።

እኔ ደነገጥኩ። አሁን የምለውን የሚረዳኝ ያየሁትን ያየ ሰው ብቻ ነው። ሲኒማ ቤት ሰዉ ክፉውን ደግ ብሎ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ፤ የእኛ ቴአትር ደግሞ ደጎቹን ክፉ ሊያስመስል ነው። ጋሽ አስናቀ ሊዋረድብኝ ነው። «እንዲህ አይሣሉ ጋሼ! በሁለት ዓይን ይሁኑ። በአንድ ዓይን ከሆኑ እኮ ክፉ ናቸው ማለት ነው» አልኩት። ፈገግ ብሎ ማን እንዲህ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ማንም አልኩ። ዝቅ ብሎ ፊቴን አየኝ። «የእኔና የአንቺ ምስጢር ይሆናል፤ ለማንም አልናገርም» አለኝ። እኔም አያ መርሻ ቀልደኛ መሆኑን፣ ጋሽ አስናቀም አብሮኝ እንደሚስቅ አስቤ፣ ቃል በቃል ነገርኩት። ራሳቸው በራሳቸው ፈረዱ። እውነትም ሳቀ። ራሴን ዳበሰኝና አዲስ ባለ ቀለም እርሳስ ከነካርቶኑ ሰጠኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንደ እኔ ያለችውን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አያ መርሻን ወሰዱት። እኔ ግቢያቸው ውስጥ ነበርኩ። አያ መርሻ እጁ ቀለም እንደነካ፣ «ብሩሹ ይደርቅብኛል፣ ልጠበው» ሲል ለመነ። አልፈቀዱለትም። ሸራውንም ጠቅልለው ተሸከሙት። ሲሄዱ ሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ቆሞ ያያል። አያ ይግዛው ገብቶ ብሩሹን በጋዝ እያጠበ እንደ ሴት ሲያለቅስ አየሁት። እኔም አለቀስኩ፤ ነገሩን ከራሴ ጋር ግን አላገናኘሁትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያመነ ልጅ በአንድ ቀን መጠርጠር አይችልም።

ቴአትሩ በቀኑ ቀረበ። የእኛ ክፉ ሲወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ፤ ሕፃናት አለቀሱ። እንደዚያ የተሳካ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ሲያልቅ ጋሽ አስናቀ መድረክ ላይ ወጣና ስለ ኪነት ንግግር አደረገ። የልብሱንና የጭንብሉን ሐሳብ እንዴት እንዳመነጨው ተናገረ፤ እንዳመነጨው አለ፣ ስሜን አላነሣም። ይህን ችዬው ነበር። ቀጥሎ ስለ አሻጥረኞች ጀመረ። በከተማችን አንድ አድኃሪ ሠዓሊ የላብ አደሩን መሪዎች «ራሳቸው በራሳቸው ፈረዱ» ብሎ ሲሳለቅ በንቁ ጓዶች ተጋልጧል አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጋሽ አስናቀ ከመድረክ ቁልቁል አየኝና ፈገግ አለ። ሁለቱም ዓይኖቹ እኔ ላይ ነበሩ።

ውስጤ የተሰማኝን ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም። እሳት የገባው ሰው የመጀመሪያዋን ቅጽበት ሕመሙ አይሰማውም ይላሉ፤ እንደዚያ ነበር። መጋረጃው ጀርባ ሄጄ ጠበቅሁት። «ምስጢር ነው ብለውኝ ነበር» አልኩት። እንደ ወትሮው ጎንበስ አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። ለእኔ ብሎ እንዳደረገው፣ ስሜን እንዳላነሣ፣ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም አባቴም እንጠየቅ እንደነበር ነገረኝ። «ልታመሰግኚኝ ይገባል። አባትሽ የመንግሥት ሠራተኛ አይደል?» አለኝ። ገባኝ። እርሳሶቹን ወስጄ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ጋሽ አስናቀ በዓመቱ ለፖለቲካ ትምህርት ተመርጦ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ ብሎ የሚያዳምጠኝን ሰው እጠረጥራለሁ። ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ በደሉ ነው፤ ስንት ደግ ሰው በዚህ አስቀይሜያለሁ።

አያ መርሻ ሁለት ክረምት ታስሮ ተፈታ። ሲመለስ ከስቶ፣ ቀኝ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አልያዘም። ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊለው ሲገባ አያ ይግዛውም መጣ፤ ዶሮ ይዞ። አያ መርሻ አላየውም። ጀርባውን ሰጥቶት ዞረ። ሰዉ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «መርማሪው የገዛ ቃሌን ነው መልሶ ያነበበልኝ። ያን ቀን ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ። አንዷ ልጅ ናት፣ በማርያም የማለች። ሦስተኛውን እናንተ ቁጠሩት» አለ።

እኔ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። አያ ይግዛው ዶሮውን እንደያዘ ቆመ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ዶሮውን በሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ። አፌን ብከፍት ያልቅ ነበር። አባቴን አሰብኩ፣ መሐላዬን አሰብኩ፣ ከሁሉ በላይ አያ መርሻ እኔን እንዲያ ጀርባውን ሲሰጠኝ አሰብኩ። አልከፈትኩም።

ሰፈሩ አያ ይግዛውን ተፋው። ጨርቅ የሚሰጠው ሰው ጠፋ፤ ማኅበር ሲጠጣ ጽዋው አልፎት ይሄዳል። ጠቋሚ የሚለው ቃል ያን ጊዜ ከሥጋ ደዌ ይብሳል። በዓመቱ የስፌት ማኪናውን በጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ወደ ማክሰኝት ከተማ ሄደ። ሲሄድ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። «በርቺ እሺ ልጄ፣ ትምህርትሽን» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ደርግ ወደቀ። አባቴ ጡረታ ወጣ። የሚያስፈራ ነገር ሁሉ አለፈ። እኔ ተምሬ ሥራ ያዝኩ፤ ለበዓል በመጣሁ ቁጥር አያ መርሻን እጠይቀዋለሁ። እሱም እያረጀ ሄደ፤ ስለ ሁሉም ነገር ይቀልዳል፣ ስለ አያ ይግዛው ግን ሲነሣበት ፊቱ ይጠቁራል። «የጠላት ዱላ ይለምዱታል፤ የወዳጅ ነው የማይለመድ» ይለኝ ነበር። እኔ በየዓመቱ ዘንድሮ እነግረዋለሁ እላለሁ። አንድ ዓመት አሞት ነበር፤ ይሻለው አልኩ። አንድ ዓመት ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታውን አልንጠቀው አልኩ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም። በሠላሳ አምስት ዓመቴ አያ መርሻ እንደሞተ ተነገረኝ። ቁስቋም ቀበርነው። አያ ይግዛው ለቀብሩ አልመጣም፤ የነገረው ሰው እንደሌለ ኋላ አወቅሁ።

በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ማክሰኝት ወረድኩ። የእህል ተራውን አልፌ ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ስደርስ ወዲያው ለየሁት። አርጅቷል፣ መነጽር አድርጓል፣ የሚሰፋው ግን ያችኑ ማኪና ነው። አጠገቡ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያ መርሻ መሞቱን ነገርኩት። ማኪናዋን አቆመ። ነጠላውን አውርዶ አደገደገ። ከዚያ፣ ሃያ አራት ዓመት የተሸከምኩትን ቃል አወጣሁት። «አያ ይግዛው፣ ለአስተማሪው የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለ። «ትምህርት ቤት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ የልጁን ልብስ ሳጥፍ ነበርኩ እኮ። አፌ ነው እስፒል የያዘ፣ ጆሮዬ ክፍት ነበር።»

ለምን አልተናገርክም ብዬ ጠየቅሁት። «ምን እላለሁ? ልጅቷ ናት ብል አንቺን ሊጠይቁሽ፣ አባትሽን ሊወስዱት። ልጅ ነበርሽ፤ ልጅ ይሳሳታል። በልጅ ቂም አይያዝ» አለኝ። ልቤ ቀለለኝ። ይቅር ተብያለሁ ብዬ እጁን ልስም ጎንበስ ስል እጁን ሰበሰበ።

«ኋላማ ዘመኑ ተለወጠ» አለ፣ ወደ ጎንደሩ መንገድ እያየ። «የሚያስፈራ ነገር ቀረ። ተምራለች፣ አድጋለች፣ ትነግረዋለች አልኩ። መርሻም ይመጣል፣ አብረን እንስቃለን አልኩ። በየገበያው ቀን ከጎንደር የሚወርደውን መኪና ሁሉ ሳይ ኖርኩ። አሁን ምነው መጣሽ? እሱ ከሞተ ወዲያ ለማን ይበጃል?»

ሌላ ሰው ጨርቅ ይዞ መጣና አያ ይግዛው ሥራውን ቀጠለ።

ያንን ዘመን ስናነሣ፣ እኔና እኩዮቼ፣ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ከዱን ሰዎች ነው። እኔም ስለ ጋሽ አስናቀ አወራለሁ፤ ሰሚው ይናደድልኛል፣ ያዝንልኛል። የከዳኝ እሱ ነው፣ እውነት ነው። ያኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ ደርግም ነበር፤ ለዝምታዬ ሁለት ምክንያት ነበረኝ። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምቆጥራቸው ደርግ ከወደቀ እስከ አያ መርሻ ቀብር ያሉትን ዓመታት ነው። በእነዚያ ዓመታት ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ማክሰኝት በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ አያስኬድም።